ሃያ ሦስት ቁራጭ መስታወት

ሠፈሩ ያወጣላት ስም «ሚሊሜትር» ነው። መስታወት ቆራጭ ናት። ደንበኛ «ኧረ ምን ችግር አለው፣ ተቀራራቢ ነው» ሲላት፣ «ተቀራራቢ ማለት አይገባም ማለት ነው» ብላ ሜትሯን እንደገና ትዘረጋለች።

ከአሮጌዎቹ የድንጋይ ቤቶች ጀርባ ባለው ባዶ ቦታ ባለ ሠላሳ ፎቅ ሕንፃ ሊቆም ነው የሚል ማስታወቂያ የተለጠፈ ዕለት፣ ሌላው ሰው ሲጮህ እሷ መስታወት መቁረጥ ጀመረች። ጣት የሚያህሉ፣ የሳሱ ሃያ ሦስት ቁራጮች። ቁፋሮው ሊጀመር ወር ሲቀረው ከቤት ቤት እየዞረች በየግድግዳው ስንጥቅ ላይ አጋደመቻቸውና ሁለቱን ጫፍ በጄሶ ለጠፈች።

«ግድግዳው ቆሰለ እንዴ፣ ፕላስተር የምትለጥፊለት?» አላት ጫማ ሰፊው፣ ከነወስፌው ከሱቁ ብቅ ብሎ።

«ሐኪም አይደለሁም፤ ምስክር እያቆምኩ ነው። ግድግዳው ካልተንቀሳቀሰ መስታወቱ እንዳለ ይኖራል። ስንጥቁ አንዲት ፀጉር ያህል ከሰፋ ግን ይሰበራል። መስታወት ይሉኝታ አያውቅም።»

እያንዳንዱን በቁጥር ለየች፤ ቀኑን በደብተር ጻፈች፤ ባለቤቱን አስፈረመች። ከዚያ በኋላ በየማለዳው ሱቋን ከመክፈቷ በፊት ሃያ ሦስቱንም እየዞረች ታያለች።

ማሽኑ መጥቶ ምሰሶ ወደ መሬት መቀጥቀጥ በጀመረ በሁለተኛው ሳምንት አሥራ አራቱ ተሰበሩ። በሦስተኛው ሳምንት ሕንፃውን ከሚሠራው ኩባንያ ደብዳቤ መጣ፦ ቤቶቹ በእርጅና ተሰነጣጥቀዋል፣ ለነዋሪው አስጊ ናቸው፣ ይለቀቁ። የከተማው የሕንፃ ኮሚቴ ጉዳዩን ለመስማት ሐሙስን ቀጠረ።

ረቡዕ ከሰዓት ታናሽ ወንድሟ ሱቁ ውስጥ ደብተሩን ሲያገላብጥ እጁ ድንገት ቆመ። ቧንቧ ሠራተኛ ነው፤ ከሱቁ በላይ ባለው ክፍል አብረው ይኖራሉ፤ ሁለቱም የተወለዱት እዚያው ነው።

«እትዬ፣ ቁጥር ዘጠኝ የእኛ አይደለም እንዴ?»

«የእኛ ነው።»

«ቁፋሮው ሊጀመር ስድስት ቀን ሲቀረው ተሰበረ ይላል እኮ።»

«ስለተሰበረ ነዋ።»

«እንግዲያ ገጿን ቅደጃት። ማን ያውቃል?»

«እኔ አውቃለሁ።»

«ይቺን ይዘሽ ከገባሽ የሰዉን ቤት አድነሽ የራሳችንን በገዛ እጅሽ ነው የምታስረክቢው።»

ከጀርባዋ ያለውን ግድግዳ በመዳፏ ዳሰሰች። እሱን አዝላ ያሳደገችው በዚህ ቤት ነው።

«አንዷን ከቀደድኩ የቀሩት ሃያ ሁለቱ ወሬ ይሆናሉ» አለች። «እነሱ ይዋሹ። እኛ አንዋሽም፤ ከዚህም አንነቃነቅም።»

ሐሙስ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። የኩባንያው መሐንዲስ ዓይኑን በጨው አጥቦ «ስንጥቆቹ ከአያቶቻችን ዘመን ጀምሮ የነበሩ ናቸው፤ እኛ አላሰፋናቸውም» አለ። ደብተሩ ሲሰጠው በግዴለሽነት ገለጥ ገለጥ አደረገና ቁጥር ዘጠኝ ላይ ሲደርስ ፊቱ በራ።

«ይኸው፣ የራሳቸው የእናታችን ቤት። ቁፋሮ ሳይጀመር ተሰብሯል፤ የጻፉትም ራሳቸው ናቸው። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?»

ወንድሟ አንገቱን ደፋ። እሷ ተነሥታ ቆመች።

«እውነቱን ነው። በቁጥር ዘጠኝ ማንንም አልከስም። አሁን ደግሞ፣ ልጄ፣ ገጹን ግለጥና ማሽናችሁ ከመጣ በኋላ የተሰበሩትን አሥራ አራቱን አንብብልን።»

«ይህ እኮ የአንዲት መስታወት ቆራጭ ደብተር ነው» አለ መሐንዲሱ፣ ወደ ኮሚቴው ዞሮ። «እንደ ማስረጃ ሊወሰድ አይችልም።»

የኮሚቴው ሰብሳቢ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩት። «ከአንድ ደቂቃ በፊት ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አልነበረም» አሉ።

ሳቁን የጀመረው ከኋላ የተቀመጠው ጫማ ሰፊው ነው፤ ሳቁ ወንበር በወንበር እስከ ፊት ደረሰ።

ገለልተኛ ባለሙያ እስኪለካ ድረስ ማሽኑ እንዲቆም ተወሰነ። የልቀቁ ደብዳቤውም ተሻረ፣ ከአንድ ቤት በቀር። ለቁጥር ዘጠኝ ሠላሳ ቀን ተሰጠው፤ በዚያ ጊዜ ግድግዳው መንቀሳቀሱን ካላቆመ ይታሸጋል።

በማግስቱ ወንድሟ የሱቁን ወለል ፈነቀለ። ከግድግዳው ሥር አንድ የዛገ ቧንቧ ስንት ዘመን ሲያፈስ ኖሮ አፈሩን ጭቃ አድርጎታል።

«የቧንቧ ሠራተኛ ቤት» አለች።

«ተይኝ እስቲ፣ እትዬ።»

ቧንቧውን ቀየረ፤ መሠረቱን በድንጋይና በሲሚንቶ ደገፈ። እሷ አዲስ መስታወት ለጠፈች። በሠላሳኛው ቀን ባለሙያው በባትሪ እያበራ መረመረው። እንዳለ ነው። ፈረመ።

ኩባንያው ይግባኝ ማለቱም የተሰማው በዚያው ቀን ነው። ወሬውን ያመጣላት ጫማ ሰፊው ገና ተናግሮ ሳይጨርስ፣ ሚሊሜትር የተረፋትን ጄሶ በጣሳ በጥብጣ ወደ ግንባታው ቦታ ዞረች። ኩባንያው በዚህ ዓመት ያቆመው የብሎኬት አጥር ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቋል። ቁጥር ሃያ አራትን አጋደመችበት።

ዘበኛው እየሮጠ መጣ። «ሴትዮ፣ ማን ፈቀደልሽ?»

«እስቲ ይቺን ጫፍ ያዝልኝ» አለችው፣ ዞር ሳትል። «ጄሶው ይድረቅና እንነጋገራለን።»

ዘበኛው ሳያስበው ያዘ። እሷ ደብተሯን አውጥታ ቀኑን ጻፈች።