የአንሶላው ቅደም ተከተል

«ይኸው፣ እንደ ማንኪያ አብረቀረቁልሽ» አለች አክስቷ፣ የላስቲክ ሳፋ ታቅፋ ጋራዡ በር ላይ ቆማ።

ሳፋው ውስጥ የአሮጌዋ ፒክአፕ ቫልቮች ተደራርበዋል። ሳሙና ሳሙና ይሸታሉ። ልጅቷ እነሱን አየችና ወለሉን አየች። ከቀብሩ በፊት አሮጌ አንሶላ ተነጥፎበት የነበረው ሲሚንቶ ተወልውሎ ወንበር ተደርድሮበታል። አንሶላው ታጥቦ ውጭ ገመድ ላይ ተሰጥቷል።

«በተርታ ነበሩ እኮ፣ አክስቴ።»

«ምኖቹ?»

«ምንም። ተይው።»

ምን ትበል? አክስቷ የገዛ አባቷን፣ የልጅቷን አያት፣ ቀብራ የተመለሰች ሴት ናት። ለለቀስተኛ መቀመጫ ሲታሰብ ከቤቱ ሁሉ ሰፊው ጋራዡ ሆነ፤ ሐዘን ላይ ያለ ሰው ደግሞ እጁ ሥራ ፈቶ መቀመጥ አይሆንለትም። ድሮም እሷና ቆሻሻ ዓይንና ናጫ ናቸው። ቅባት የነካውን ብረት ሁሉ ለቃቅማ በዕቃ ማጠቢያ ሽቦ ፈተገችው። እንባዋም አብሮ ሳፋው ውስጥ ሳይንጠባጠብ አልቀረም።

ከወንበሮቹ ጀርባ ፒክአፗ ኮፈኗ እንደተከፈተ ቆማለች። አንዱ ጎኗ አረንጓዴ ነው፣ ሌላው ገና ዝገት። ሽማግሌው በጉልምስናቸው የነዷት፣ ኋላ ጎማዋ ወልቆ የዶሮ ማደሪያ የሆነች፣ ከዚያ የልጅ ልጃቸው አሥራ ስድስት ዓመት ሲሞላት «ነይ እስቲ ይህቺን አሮጊት እናስነሳት» ብለው የገለጧት መኪና ናት። አያትና የልጅ ልጅ ከትምህርት ቤት መልስ እዚያው ውለው እዚያው ያመሹ ነበር።

በማግስቱ ጡረታ የወጣ አንድ የአውቶቡስ ሾፌር መጣ። ከሟች ጋር ዕድሜ ልኩን አንድ መሥሪያ ቤት ነድቷል። ሻይ ተቀዳለት፤ ስኳሩን እያማሰለ ጨዋታ ያዘ።

«ሾፌር ማለት እሱ ነበር። ጭጋግ ውስጥ ጉድጓድ የሚለይ ዓይን! እስከ መጨረሻውም አልደከመም። በቀደም እንኳ መንገድ ላይ ስንገናኝ፣ አፌን ሳልከፍት ነው ገና ከሩቅ በስሜ የጠራኝ።»

«ዓይን እንኳ ዓይን ነበረው» አሉ ከወዲያ በኩል የተቀመጡ ለቀስተኞች።

ልጅቷ እንደያዘችው ሻይዋ ቀዘቀዘባት። ያን ቀን አያቷን ክንዳቸውን ይዛ ነበር። «ሾፌሩ ጓደኛህ እየመጣ ነው» ብላ ጆሯቸው ሥር ያንሾካሾከችው እሷ ናት።

እሷም ያወቀችው በአጋጣሚ ነው። አንድ ቀን ሽማግሌው የፒክአፗን በር ዳበስ ዳበስ አድርገው «አረንጓዴው አምሮባታል» አሉ። በሩ ገና አልተቀባም። ዝም ስትል ነገሩ ገባቸውና በርጩማቸው ላይ ቁጭ አሉ።

«ለማንም እንዳትተነፍሺ። ልጆቼ ከሰሙ መፍቻዬን ነጥቀው ፀሐይ ላይ ነው የሚያሰጡኝ፣ እንደ በርበሬ።»

ሳቀች። ከዚያ ወዲያ ሥራቸው ሕግ ወጣለት። ከሞተሩ የወጣ ሁሉ እንደ አወጣጡ ከግራ ወደ ቀኝ አንሶላው ላይ ይሰለፋል፤ ማንም አይነካውም። ቴስታታው፣ ማለትም ቫልቮቹ የሚቀመጡበት የሞተሩ ክዳን፣ ፊታቸው ሣጥን ላይ ይጋደማል። እሳቸው ሳይዞሩ እጃቸውን ወደ አንሶላው ይሰዳሉ፤ የፈለጉትን ከነበረበት ያገኙታል። «ምልክት እናድርግባቸው፣ አባባ» ብትላቸው፣ «ምልክት ለሚያይ ሰው ነው። ለእኔ ቦታቸው ይበቃኛል» አሉ።

እያንዳንዱን ቫልቭ በመዳፋቸው መሐል እያሽከረከሩ፣ አሸዋማ ቅባት እየቀቡ፣ ከራሱ መቀመጫ ጋር ብቻ እስኪገጥም አሹት። ሲጨርሱ ቤንዚን አፈሰሱበት።

«ጠብ አለ?»

«አላለም።»

«እንግዲህ ስትነሳ አንቺ ነሽ የምትነጂኝ።»

ክዳኑን የሚያሽገው ጋስኬት እስኪገኝ ቫልቮቹን አንሶላው ላይ መልሰው አሰለፏቸው። ሽማግሌው ከምሳ በኋላ ጋደም እንዳሉ ያልተነሡት በዚያው ሰሞን ነው።

ለቀስተኛው እየሳሳ በሄደበት ቀን፣ ልጅቷ ወንበሮቹን ገፋ አድርጋ ቴስታታውን ሣጥኑ ላይ አጋደመችው። አንዱን ቫልቭ አስገብታ ቤንዚን አፈሰሰችበት። አንጠባጠበ። ሌላ ቀየረች፤ እሱም አንጠባጠበ። ቦታቸው ተምታቷል፤ ሽቦውም ሁሉንም ጭሯቸዋል። እንደ አዲስ ማሸት ይቻላል፤ ይህን እጇ ያውቃል። ግን እንደ አዲስ ማሸት ማለት የእሳቸውን እጅ ሥራ ፍቆ መጣል ነው። ቤንዚኑ ጫማዋ ላይ ሲወርድ አለቀሰች፤ በቀብሩ ቀን እንኳ እንዲህ አላለቀሰችም።

አክስቷ ድምፅ ሰምታ መጣች። ሳፋውን አየች፣ ልጅቷን አየች።

«አበላሽቼብሽ ነው?»

«እያንዳንዱ የየራሱ ቦታ ነበረው» አለች ልጅቷ፣ ወደ ቴስታታው እያመለከተች።

«ታዲያ የሚለይ ነገር ከሆነ ምነው ምልክት ብታደርጉበት፣ የኔ ልጅ?»

«አባባ አያይም ነበር።»

አክስቷ የፒክአፗን ጎን ተደገፈች። «ምን አልሽ?»

«በቦታቸው ነበር የሚያውቃቸው። መፍቻዬን ይነጥቁኛል ብሎ ነው ያልነገራችሁ።»

አክስቷ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች።

«በመጣሁ ቁጥር ፊቴን ይዳብሰኝ ነበር» አለች። «እኔ ናፍቄው መስሎኝ።»

«ናፍቀሽውም ነበር።»

ሴትየዋ ወጣችና አንሶላውን ከገመዱ አውርዳ ይዛ ገባች፤ በርጩማው አጠገብ፣ በቀኝ በኩል፣ ጫፍና ጫፉን እየሳበች አነጠፈችው። ነጭ ሆኗል። የግሪስ ጠብታ እንኳ አልቀረበትም። ሳፋውን ጭኗ አጠገብ አድርጋ መሬት ቁጭ አለች።

«የትኛው ነው የሚቀድመው?»

«አላውቅም፣ አክስቴ።»

ልጅቷ በርጩማው ላይ ተቀመጠች። የቅባቱን ቆርቆሮ ከፈተች፣ መልሳ ከደነችው። ደግሞ ከፈተችው። ከዚያ ዓይኗን ጨፍና፣ ሳትዞር፣ እጇን ወደ አንሶላው ሰደደች። ጣቶቿ ባዶ ጨርቅ ዳበሱ፤ ወደ ቀኝ ሄዱ፣ ተመለሱ። እጇን እንደተዘረጋ ተወችው።

አክስቷ ከሳፋው አንዱን ቫልቭ አነሳች፤ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና መዳፏ ላይ አኖረችላት። የሚቀድመው እሱ ይሁን አይሁን የሚያውቅ አልነበረም። ልጅቷ ጨበጠችው።