ለአንድ ማሽን የተጻፈ ፋይል

ልጇን ትምህርት ቤት አድርሳ ተመለሰች፤ ሻይ ቀዳች፤ ኮምፒውተሯን ከፈተች። ከሥራ ባልደረባዋ መልእክት ገብቷል። ኮድ መሰረዝ ስለሚወድ ሁሉም "መቀስ" ይሉታል።

"እህቴ፣ ይቺ ፋይል ለማን ናት? የኔትወርክ ካርድ የምታሠራው በዚያ ባረጀ ሲስተም ላይ ብቻ ነው። አዲሱን እያደናቀፈችብን ነው። ልቁረጣት?"

ሶፍትዌራቸውን ማንም በነጻ ይወስደዋል፤ ማን የት እንደሚሠራበት አይታወቅም። እሷ ግን አንድ ቦታ ታውቃለች። ፋይሉን የጻፈው ባሏ ነው፤ የጻፈውም ለሰፈራቸው ክሊኒክ ማሽን፣ በሽተኛ ከአልጋው ሆኖ ቁልፍ ሲጫን ነርሶቹ ዘንድ ለሚደውለው። እሱ ከሞተ ወዲህ ያን ማሽን ደፍሮ የነካው የለም።

"እንዳትነካት" ብላ መለሰች።

ለባሏ ታናሽ ወንድም ደወለች፤ የክሊኒኩ ቴክኒሻን ነው።

"ያለዚያች ፋይል የተዘጋጀውን ሶፍትዌር ልኬልሃለሁ። ሞክርልኝ።"

"እትዬ፣ በጠዋቱ ሰው ልታስገድይኝ ነው? እኔ አቧራውን እንኳ የምጠርገው ትንፋሼን ይዤ ነው።"

"መጀመሪያ ነርሶቹ በየክፍሉ በር ይቁሙ። አሮጌውንም አስቀምጥ፤ እንቢ ካለ ትመልሰዋለህ።"

"መመለሱንም እንቢ ቢልስ?"

መልሷን ሳይጠብቅ ሲተይብ ትሰማለች።

"ጨረስኩ። ባዶው ክፍል ገብቻለሁ። ቁልፉን ልጫነው?"

"ተጫነው።"

ቁልፉ ጠቅ ሲል ሰማች። አንዲት አሮጊት አልጋቸው ላይ ሆነው ቁልፉን ደጋግመው ሲጫኑ፣ ማንም ሳይመጣላቸው ታዩዋት።

ከዚያ ከሩቅ ደወሉ ጮኸ። "ሰምተናል፣ ሰምተናል፤ አታደንቁረን" አለች አንዷ ነርስ።

የባሏ ወንድም ሳቀ፤ ሳቁ ግን መሐል ላይ ተቋረጠ፤ "ያለዚያች ፋይል እንዴት ሠራ?" አለ። ወደ ማሽኑ ተመልሶ ጥቂት ሲተይብ ቆየ።

"እትዬ፣ ፈርተን አላየነውም እንጂ ይሄ ማሽን አሮጌው ሲስተም ላይ አይደለም። ወንድሜ አዲስ ሲስተም ጭኖበታል።"

"መቼ?"

"ታሞ ከመተኛቱ ትንሽ ቀደም ብሎ። ለማንም አልተናገረም።"

ስልኩን ስትዘጋ ሻይዋ ቀዝቅዟል። መቀስ እየጠበቀ ነው።

"ታዲያ፣ ልቁረጣት?"

"ተወው፤ እኔው እቆርጣታለሁ።"

ፋይሉን ከላይ፣ ከባሏ ስም ጀምራ፣ እስከ ታች አንድ ጊዜ አነበበችው። ሰረዘችው፤ የሰረዘ ሰው በለውጦች መዝገብ ላይ ስሙን ያኖራልና ስሟን አኖረች።

አሁን ከሶፍትዌሩ ፋይሎች በአንዱም አናት ላይ የባሏ ስም የለም።