ባለጨርቁ ደጋን

የእትዬ ሻሺቱን ደጋን የሰበርኩት በ1988 ግንቦት ላይ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ አንዲት ጦጣ እያየችኝ ነው። ጦጣዋ የያዘችውን ማንጎ እንኳ አልጣለችም።

አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር፣ እሳቸው ግቢ ከተከራየሁ ዓመት ሊሞላኝ ነበር። እኔ በፋብሪካ መጋዘን ውስጥ ጥጥ በኩንታል የማወጣና የማስገባ ሰው ነኝ። እሳቸው ጥጥን የሚያውቁት በእፍኝ ነው፤ ግን እሳቸው ያውቁታል።

ደጋኑ ጥጥ መንደፊያ ነው። ፍሬው የወጣለትን ጥጥ አስጠግተው ጅማቱን በጣት ሲመቱት ይንቀጠቀጣል፣ ጥጡም እንደ ደመና ይፈታል። የሰፈሩ ደጋን ሁሉ የቀርከሃ ሲሆን የእሳቸው የጥድ ነበር። ባላቸው ጋሽ ተክለወልድ፣ ነፍሳቸውን ይማረውና፣ በገዛ እጃቸው ጠርበው የሰጧቸው ነው። ወገቡ ላይ አረንጓዴ ጨርቅ ተጠቅልሎበት ከሟቹ ፎቶግራፍ ጎን በምስማር ይሰቀላል።

እኔ በዚያ እሑድ ያየሁት ግን የቀስት ደጋን ነበር። እሳቸው ለቅሶ ሄደዋል፤ ጦጣዎቹ ግቢው ውስጥ ያለው ማንጎ ላይ ናቸው። ከአጥሩ ሸምበቆ መዘዝኩ፣ ጫፉን ሾል አድርጌ ቀስት አልኩት፣ ደጋኑን አወረድኩና ጅማቱን እስከ ጆሮዬ ሳብኩት። ለጥጥ የተሠራ ደጋን ዕድሜ ልኩን ከጣት ስፋት በላይ ተስቦ አያውቅም። ጨርቁ ሥር ቀጭ አለ።

እትዬ ሻሺቱ ሲመለሱ ሁለቱን ስባሪ ታቅፌ በር ላይ ቆሜያለሁ። ስባሪውን አዩት። እኔን አዩኝ። ዛፉን አዩት።

«መታሃት?» አሉ።

«አልመታኋትም።»

«ቢያንስ ብትመታት» አሉና ነጠላቸውን እያጠፉ ገቡ።

ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። አልተቆጡም፤ ጥጡን ከነቅርጫቱ አልጋ ሥር ገፉት። ልጃቸው ዘርፈሽ ካምባ ሄዳ ነው ያገባችው፤ ነሐሴ ላይ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ነው። የሕፃኑ መታቀፊያ ድሩም ማጉም አያቱ በፈተሉት ክር ሊሠራ ቃል ተገብቷል። ሮጬ ሄጄ ከገበያ የቀርከሃ ደጋን አመጣሁ። አንዴ ብቻ መቱት።

«ይንጫጫል» ብለው መለሱልኝ። «ከሚንጫጫ ነገር ጋር ቁጭ ብዬ ለልጅ ልጅ አልፈትልም።»

ከሥራ ስመለስ በር ላይ ይቀበለኝ የነበረው ድም፣ ድም ጠፋ። ሁለት ሳምንት ታገሥኩ። በሦስተኛው ስባሪውን በጋዜጣ ጠቅልዬ የጨንቻ መኪና ተሳፈርኩ።

የሟቹ ታናሽ ወንድም ጋሽ ዳምጤ ዶርዜ ላይ ሸማኔ ናቸው። ስደርስ እግራቸው ጉድጓዱ ውስጥ፣ እጃቸው ሸማው ላይ ነበር። ጋዜጣውን ፈታሁ።

«ወንድሜን ለሁለተኛ ጊዜ ቀበርከው» አሉ፤ ቀጥለውም «ብርድ ነው፣ ግባ» አሉኝ።

«እርስዎ ይሥሩልኝ ብዬ ነው የመጣሁት።»

«የሰበረ ይሠራል። እኔ ቁጭ ብዬ እስቃለሁ።»

ከአሮጌ አጥራቸው አንድ የጥድ ቋሚ ነቅለው በመጥረቢያ ለሁለት ፈለጡት። ውስጡ ቀይ ነው፤ ሽታው እንደ አዲስ እርሳስ። ግማሹን ይዤ እስከ ቀትር ጠረብኩ። ከፊትም ከኋላም አለሰለስኩት፤ በሕይወቴ እንደዚያ የሚያምር ነገር ሠርቼ አላውቅም። ጅማት አስረን ጎበጥ ሲል ለሁለት ሄደ።

ጋሽ ዳምጤ ቃላቸውን ጠብቀው ሳቁ።

«ጀርባውን ማን ንካ አለህ?» አሉኝ። «ይኸ መስመር የዛፉ ዕድሜ ነው። እሱን ከቆረጥክበት ምኑን ይዞ ይጎብጥ? ጀርባውን ተወው፤ ሆዱን ብቻ ፋቅ። ሰውም እንደዚያው ነው ብዬ ልመክርህ ነበር፤ ግን በርዶኛል።»

የቀረውን ግማሽ ከመጀመሬ በፊት የአሮጌውን ውፍረት እንድለካ ብለው ጨርቁን ከስባሪው ላይ ፈቱት። ሳቃቸው ቆመ።

ከጨርቁ ሥር እንጨቱ በደረቀ ጅማት ድርብርብ ታስሯል። ከጅማቱ ሥር ስንጥቅ አለ፤ ስንጥቁም ጠቁሯል። የቆየ ነው።

«በሠርጋቸው ዓመት ነው» አሉ ጋሽ ዳምጤ ቀስ ብለው። «እሱም እንዳንተው ዋኖስ ልምታ ብሎ ጆሮው ድረስ ሳበው። ተሰነጠቀ። ለሷ እንዳትነግራት ብሎ አስማለኝ። አሰርነው፣ በላዩ ጨርቅ ጠቀለልንበት። ጨርቁን ከየት አመጣው መሰለህ? ከቀሚሷ ጫፍ ቀዶ። እሷ አይጥ ነው ብላ ድመት አመጣች።»

«ታዲያ የሰበርኩት እኔ አይደለሁማ» አልኩ። አፌ ቀደመኝ።

ጋሽ ዳምጤ ጨርቁን በጉልበታቸው ላይ አለስልሰው አጠፉት።

«ልትነግራት ትችላለህ። የማልኩት እኔ ነኝ፤ አንተ አልማልክም።»

ቁልቁል ስወርድ መንገዱን ሁሉ ይህንኑ አሰብኩ። አርባ ምንጭ ስደርስ ሙቀቱ ተቀበለኝ፤ እኔም የቀረውን የጥድ ግማሽ ብቻ ይዤ ግቢ ገባሁ።

ሦስት እሑድ ማንጎው ሥር ተቀምጬ በተሰበረ ጠርሙስ ሆዱን ፋቅኩ። ፋቅ አድርጌ አጎብጠዋለሁ፤ የትኛው ክንፉ እንዳልታዘዘ አይቼ እንደገና እፍቃለሁ። እትዬ ሻሺቱ በቀኝም በግራም ያልፋሉ፤ አይጠይቁም። በሁለተኛው እሑድ ግን በርጩማ አምጥተው ትንሽ ራቅ ብለው ተቀመጡ። ጅማቱን አስሬ ሰጠኋቸው። መቱት። ጥጡ ተነሥቶ የቤቱ ክዳን ላይ ተለጠፈ።

«ይኸ የጦጣ ነው» አሉ። «ፋቅ።»

ፋቅኩ። መቱት።

«አሁንም ይቆጣል።»

በሦስተኛው እሑድ መቱት፤ ድም አለ። እጃቸው አየር ላይ ቀረ። ደግመው መቱት። ጥጡ ሳይቸኩል ተፈታ።

«የሱ ድምፅ አይደለም» አሉ።

ጠርሙሱን እንደገና አነሣሁ።

«ይሁን። ልጁም አዲስ ነው» አሉና ቅርጫቱን ሳቡ። ከዚያ ቀና ሳይሉ፣ «የሱ ወገቡ ወፍራም ነበር። እንዴት ብሎ ነው እዚያ ጋ የተሰበረው?»

ይህን ጥያቄ ከዶርዜ ጀምሮ ስጠብቀው ነበር። መልሱም አፌ ላይ ነበር።

«እስከ ጆሮዬ ሳብኩት» አልኩ። «ጥፋቱ የኔ ነው።»

«ዳምጤ ምንም አላለህም?»

«በርዶኛል አሉኝ።»

እትዬ ሻሺቱ አዲሱን ደጋን ጭናቸው ላይ አጋደሙና ወገቡን ዳሰሱት።

«ጨርቅ የለውም።»

«ምን ያደርግለታል እትዬ? ደህና ነው፤ አልተሰነጠቀም» አልኩ፤ ማለት ያልነበረብኝን ማለቴ የገባኝ ካልኩት በኋላ ነው።

እሳቸው ግን ጎንበስ ብለው የለበሱትን ቀሚስ ጫፍ በጥርሳቸው ያዙና ጣት የሚያህል ቀደዱ። እንጨቱ ላይ ዙር በዙር፣ ሳይቸኩሉ ጠቀለሉት።

«ተክለወልድ እጅ እንዳያሻክርሽ ነው ይለኝ ነበር» አሉ ጫፉን እየቋጠሩ። «ድመቲቱ ታሳዝነኛለች፤ አንድ አይጥ ሳታገኝ አሥራ አንድ ዓመት ኖራ ሞተች።»

ጥጡን ወደ ደጋኑ አስጠጉ። ጦጣዎቹ ማንጎው ላይ ነበሩ፤ ማናችንም ቀና አላልንም።