የረጅሟ ሴት መደርደሪያ

ሲጋቡ የተስማሙት ለቅዳሜና እሁድ ብቻ ነበር። የሰማ ሁሉ ስቋል፤ ይሳቅ። እሷ ስልሳዎቹን ካጋመሰች ቆይታለች፣ እሱ ሰባን አልፏል፤ ሁለቱም ሐዘን ያዩ፣ ሁለቱም የየራሳቸው ቤት፣ የየራሳቸው ትራስና የየራሳቸው አመል ያላቸው ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ዓርብ አመሻሽ ላይ እሷ ትንሿን ሻንጣ አንጠልጥላ እሱ ቤት ትመጣለች፤ ሰኞ ጠዋት አውቶቡስ ተሳፍራ ከከተማው ማዶ ወዳለው ቤቷ ትመለሳለች። ሐሳቡን ያመጣው እሱ ነው። "እንዳይጨናነቁብኝ ብዬ ነው" አላት። እሷም "እኔም ይህንኑ ልልዎት ነበር" አለችው። ልትለው አልነበረም።

ሁለት ሦስት ጊዜ እንደተመላለሰች አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ ሬዲዮው ያንን ክፉ ዜና አወጀ። በሽታው ገብቷል፤ ከነገ ጀምሮ አውቶቡስ የለም፤ ሰው ሁሉ ባለበት ቤት ክትት ብሎ ይቀመጥ። "ባለበት" የምትለዋ ቃል ጆሮዋ ላይ ቀረች። ሻንጣዋን ዞር ብላ አየቻት። ሁለት ቀሚስ፣ አንድ የሌሊት ልብስ፣ አንድ ነጠላ ጫማና የጥርስ ብሩሽ። ከዚህ ሌላ በዚህ ቤት ውስጥ የእሷ የሚባል ነገር አልነበረም።

ዕድሜዋን የጨረሰችው በስልክ ኦፕሬተርነት ነው። ድምጿ ለስላሳም ትልቅም ስለነበር መጀመሪያ በስልክ ሰምቷት ኋላ በአካል ያገኛት ሰው፣ የድምፁን ባለቤት ፍለጋ ከጀርባዋ ይመለከታል። ቁመቷ ከድምጿ ጋር አልተማከረም ነበር። ሥራው ሌላም ነገር አስለምዷታል፤ ከልጇ በቀር በምድር ላይ "እርስዎ" የማትለው ፍጡር የለም። ድመት እንኳ የምታባርረው "እስቲ ይሂዱ ከዚህ!" ብላ ነው።

ባሏ አናጢ ነው፤ ያወቃትም በዚሁ ድምጽ ነበር። መድኃኒት ቤት ተሰልፈው ሳለ ከኋላዋ ጎንበስ ብሎ፣ "ይቅርታ፣ እርስዎ 'መስመሩ ተይዟል፣ ጥቂት ይጠብቁ' የሚሉት ሴት አይደሉም?" አላት። ጣውላ ነጋዴዎቹን ለማግኘት በደወለ ቁጥር የሚሰማው የእሷን ድምጽ ነበር። ነኝ ስትለው፣ "በሕይወቴ እንደ እርስዎ ያስጠበቀኝ ሰው የለም" ብሎ አሳቃት። ነገሩ የተጀመረው እዚያ ነው።

እንግዲህ በሩ ተዘግቶ ሁለቱ ሰዎች ቤት ውስጥ ቀሩ። ትሕትናቸው ለጉድ ነበር። መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ከተገናኙ "ይቅደሙ"፣ "ኧረ እርስዎ"፣ "በፍጹም አይሆንም" ሲባባሉ አንዳቸውም ሳይገቡ ሾርባው ይቀዘቅዛል። እሷ ስታስነጥስ እሱ ይደነግጣል፤ እሱ ሲያንኮራፋ እሷ ላለመቀስቀስ እስትንፋሷን ትይዛለች።

ግን ደግሞ መሳቅ ጀመሩ። ከጓሮ ካለችው የሥራ ክፍሉ እጁን እንደ ስልክ እጀታ ጆሮው ላይ ለጥፎ፣ "ሃሎ፣ ማዕከል?" ይላል። እሷ ከኩሽና፣ "አቤት፣ ማንን ላገናኝዎ?" ትላለች። "ሻይ ክፍልን።" "ሻይ ክፍል መስመሩ ተይዟል፣ ጥቂት ይጠብቁ።" "እንዳለፈው ሠላሳ ዓመት እንዳይሆንብኝ ብቻ!" እሷ ጡረታ ከወጣች ወዲህ እንዲህ ስቃ አታውቅም። ከቤቷ ያሉት አበባዎች ውሃ አጥተው መድረቃቸውን ስታስብ አለማዘኗ ገረማት። እዚሁ መቅረት ፈልጋለች፤ ነገሩ ይኸው ነው። ግን ሳይጠሯት የምትቀር ሴት አይደለችም።

ያስቸገራት የኩሽናው መደርደሪያ ነው። አናጢው ገና በወጣትነቱ በገዛ እጁ የሠራው ነው፤ እንጨቱ ጠንካራ፣ ጠርዙ የተድበለበለ፣ ዛሬም ዘመም ያላለ። ጥፋቱ አንድ ነው፤ ከፍ ብሏል። ጨው፣ ስኳር፣ ሻይ ቅጠል፣ ብርጭቆ፣ ሁሉም ያለው እዚያ ላይ ነው። ጥግ ላይ ግን ጎኑ ላይ ልብ የተፈለፈለበት አሮጌ በርጩማ ነበርና እሱን እየጎተተች ትወጣለች።

መደርደሪያው ለማን እንደተሠራ ለማወቅ መጠየቅ አላስፈለጋትም። ሳሎን ግድግዳው ላይ አናጢውና የሞተችው ሚስቱ ጎን ለጎን ቆመው የተነሱት ፎቶ አለ፤ ከጉልበታቸው በላይ ብቻ ይታያሉ፤ ግንባሯ ከግንባሩ እኩል ነው። እሱ ደግሞ በር ሲያልፍ ጎንበስ የሚል ሰው ነው። ኦፕሬተሯ በልቧ "ረጅሟ" ትላታለች። ቅናት አልያዛትም። ኧረ ይዟታል፣ ትንሽ። ጨው ባስፈለጋት ቁጥር እጇን ወደዚያች ሴት የምትዘረጋ ይመስላት ነበር።

በርጩማው ሲጎተት የሚሰማውን ድምጽ አናጢው ከጓሮ ይሰማል። ፀጉሩ ላይ ሰጋቱራ እንደያዘ እየሮጠ ይገባና፣ "ምን ላውርድልዎ?" ይላል።

"ጨው ነበር።"

"ሌላስ የሚታዘዙት?"

"ሌላ እንኳ የለም፣ አመሰግናለሁ።"

ደግነቱ ልቧን ይነካዋል፤ ንዴቷም በዚያው ልክ ነው። በራሷ ቤት ጨው ለምና አታውቅም። ልጇ እየደወለች፣ "እማዬ፣ የት ነሽ?" ስትላት፣ "የት እሆናለሁ? እሳቸው ቤት ነኝ" ትላለች። "ኑሮ እንዴት ነው?" "ደህና ነው። እሳቸው ጥሩ ሰው ናቸው። መደርደሪያው ከፍ ይላል እንጂ።" ልጅቱ ትስቃለች። እናትየው አትስቅም።

አንድ ቀን ምሳ ላይ ድፍረት አገኘች። ያንን የሥራ ድምጿን አውጥታ፣ "ያ መደርደሪያ ትንሽ ዝቅ ቢል አይሻልም ይላሉ?" አለችው።

የአናጢው ማንኪያ አየር ላይ ቆመ። ጆሮው ቀላ። መደርደሪያውን አየ፣ በክፍቱ በር በኩል ፎቶውን አየ፣ መጨረሻ ላይ ሾርባውን አየ። "እሱ እንኳ... እናያለን" ብሎ ተነስቶ ወደ ጓሮ ወጣ። ወዲያው የመላጊያው ድምጽ ይሰማ ጀመር። ኦፕሬተሯ ዝምታ ታውቃለች። ሰው ሲያስብ ዝም የሚለው አለ፤ መስመር ሲቆረጥ የሚመጣው ደግሞ ሌላ ነው። ይሄ የተቆረጠው ነበር።

በማግሥቱ ፊቱ በርቶ መጣ። በእጁ በርጩማውን ይዟል። ቫርኒሽ ቀብቶታል፣ ከእግሮቹ ሥር ጎማ መትቶበታል። "እንዳያንሸራትትዎ ብዬ ነው" አላት። "እግዜር ይስጥልኝ" አለችና መኝታ ቤት ገብታ፣ በሩን ዘግታ አለቀሰች። በርጩማ የሚታደሰው መደርደሪያው የማይነካ ሲሆን ነው። ረጅሟ ቦታዋን እንደያዘች ትኖራለች፤ እሷ ደግሞ በታደሰ በርጩማ ላይ እየወጣች የምትወርድ እንግዳ ናት። ሻንጣዋን ከአልጋው ሥር ሳብ አድርጋ አየቻትና መልሳ ገፋቻት።

ከብዙ ሳምንት በኋላ ሬዲዮው አውቶቡስ ከሰኞ ጀምሮ እንደሚንቀሳቀስ ተናገረ። አገሩ ሁሉ ደስ አለው። እዚያ ቤት ውስጥ ግን ሁለት ሰዎች አንገታቸውን ደፍተው ሻይ ጠጡ።

"እንግዲህ ሰኞ አውቶቡስ አለ አሉ" አለ አናጢው።

"አዎ፣ ሰማሁ።"

"ያው... ስምምነታችን..."

"ስምምነታችን ነዋ" አለች። እሱ የታጠበውን ብርጭቆ እንደገና ማጠብ ጀመረ።

ቅዳሜ ጠዋት ቤቱን ማጽዳት ጀመረች፤ አቆሽሻ ሄደች እንዳይባል። ሁሉን ስትጨርስ የቀረው ፎቶው ነው። እሱንም የሰቀለው አናጢው ነውና በርጩማው አስፈለገ። ሳሎን ድረስ ይዛው መጣች፣ ወጣችበት፣ ፎቶውን አወረደች። ለመጀመሪያ ጊዜ ከረጅሟ ጋር ፊት ለፊት ተያዩ። ደስ የሚል፣ ሳቅ ያፈነ ፊት ነበራት። "እንግዲህ ደህና ይሁኑ" አለቻት ኦፕሬተሯ።

እዚያው በርጩማው ላይ እንደቆመች ፍሬሙን ገልብጣ ጀርባውን ስትወለውል አንዷ ሚስማር ወለቀችና ክዳኑ ተንሸራተተ። ከውስጥ ወደ ኋላ ታጥፎ የኖረው የፎቶው ግርጌ ብድግ ብሎ ተዘረጋ። እዚያ ላይ የአናጢው ትልልቅ ጫማዎች አሉ። ከጫማዎቹ ጎን አንድ በርጩማ አለ፤ ጎኑ ላይ ልብ ተፈልፍሎበታል። በርጩማው ላይ ደግሞ ተረከዛቸውን የገጠሙ ሁለት ትንንሽ እግሮች ቆመዋል።

ኦፕሬተሯ ወደ ታች፣ ወደ ገዛ እግሯ አየች። ያው በርጩማ ነው። ይህን ሁሉ ጊዜ ስትኖር በርጩማ በረጅም ሴት ኩሽና ውስጥ ምን ይሠራል ብላ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቀችም።

"እስቲ ይምጡ ወዲህ!" ብላ ጮኸች።

አናጢው እርሳሱን ጆሮው ላይ እንደሰካ መጣ። የተዘረጋውን ፎቶ ሲያይ ሶፋው ጠርዝ ላይ ዝርፍጥ ብሎ ተቀመጠ።

"አጭር ነበረች" አለ። "ከእርስዎም ታጥር ነበር። ለፎቶ ብቻ እኩያህ ልሁን ብላ ነው። ፎቶውን ያጠፈችውም ራሷ ናት።"

"መደርደሪያውስ?"

"በራሴ ቁመት ሠራሁት። ልጅ ነበርኩ፣ ሰው ሁሉ እኔን የሚያህል መስሎኝ። 'ዝቅ አድርግልኝ' ስትለኝ 'ነገ' አልኩ፤ እስከዚያው ብዬ ይቺን በርጩማ ሠራሁላት። የሰው ቤት ስሠራ ስሠራ ነገ ሳይመጣ እሷ ሄደች።" መዳፉን ፊቱ ላይ አሻሸ። "እርስዎ ሲጠይቁኝ ብድግ ብዬ እንዳላወርደው... የአንድ ጠዋት ሥራ ነው። የአንድ ጠዋት! ለእርስዎ ባወርደው እሷን ምን እላታለሁ?"

ኦፕሬተሯ እፎይ ማለት ነበረባት፤ በልቧ ስትፎካከራት የኖረችው ረጅም ሴት እኮ ጭራሽ አልነበረችም። ቀድሞ የመጣው ግን ንዴት ነው። ያውም የራሷ አይደለም፤ የዚያች የሞተች ሴት ንዴት ነው።

"አንተ ሰውዬ!" አለችው። "ሴትዮዋን ዕድሜ ልኳን እንጨት ላይ አቁመህ ስታበቃ፣ ለእኔ ደግሞ ቀለም ቀብተህ ታመጣልኛለህ? ስለ እሷ ካዘንክ ለእኔ አውርደው! ተነስ፣ መሣሪያህን አምጣ!"

"አንተ" የምትለዋ ቃል እንደወደቀ ማንኪያ ወለሉ ላይ ታቃጭላለች። ኦፕሬተሯ አፏን በእጇ ያዘች። የአናጢው ፊት ግን ከእንባው ሥር ቀስ እያለ ይፈካ ጀመር።

"ምን አልሽኝ?" አለ።

"የሰማኸውን!"

ተነሳ። ካቻቢቴውንና ውሃ ልኩን ይዞ መጣ። ጨው፣ ስኳርና ብርጭቆው ወርዶ ጠረጴዛውን ሞላው፤ መደርደሪያው ከግድግዳው ሲላቀቅ ጭስና ዘመን ያልነካው ንጹሕ ቀለም ብቅ አለ። እሷ ጫማዋን አውልቃ በባዶ እግሯ ግድግዳውን ተጠግታ ቆመች።

"እንዳትንጠራሪ" አላት። "ጨው እንደምታነሺ ብቻ እጅሽን ዘርጊ።"

ዘረጋች። በጣቷ ጫፍ በኩል በእርሳስ መስመር አሰመረ። ከዚያ ብሎኖቹን መዳፉ ላይ ይዞ ቆመ።

"ምነው ቆምክ?"

"ሁለት ብሎን ልምታ ወይስ ስድስት?"

"ልዩነቱ ምንድን ነው?"

"ለቅዳሜና እሁድ ከሆነ ሁለት ይበቃል።" ወደ እሷ አላየም።

"እሱን ሐሳብ ያመጣኸው አንተ ነህ።"

"እምቢ ትይኛለሽ ብዬ ፈርቼ ነዋ!"

"እኔም እሺ ያልኩት አንተ የፈለግከው መስሎኝ ነው!"

ተያዩ። ሁለቱም የተሳሳተ ቁጥር ደውለው ይህን ያህል ጊዜ ይቅርታ ሲጠያየቁ የኖሩ ሰዎች መሰሉ። ሳቁ መጀመሪያ እሷን ያዛት፤ እሱ ደግሞ ብሎኖቹን በትኖ እየሳቀ ወለል ላይ ሲለቅም ወገቡ ያዘውና ደግፋ አነሳችው።

"ስድስት ምታ" አለችው። "ስትጨርስ ደግሞ ለፎቶው ረዘም ያለ ፍሬም ሥራ። ሳትታጠፍ፣ ከነበርጩማዋ ትታይ።"

ሰኞ አውቶቡሱ ጥሩንባውን እየነፋ በበሩ አለፈ። ኦፕሬተሯ ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መሐል ይዛ ድስቱን ታማስላለች። ከበስተጀርባዋ አናጢው ስኳር ሊያነሳ ሲል ዝቅ ያለውን መደርደሪያ ረስቶ ግንባሩን ገጨውና "ወይኔ!" አለ።

"እማዬ፣ የት ነሽ?" አለች ልጇ። "ቤት ገባሽ?"

"አዎ፣ ቤት ነኝ።"

"የትኛው ቤት?"

ኦፕሬተሯ ዞር ሳትል እጇን ዘረጋች፣ ጨውን አነሳች።

"ጨው እጄ የሚደርስበት" አለች።