ባለ አንድ ዓይን ወፎች

ጽጌሬዳ የመጨረሻዋን፣ የአርባ ስምንተኛዋን ወፍ ጭራ በብሩሽ እየሳበች ሳለ በሩ ተንኳኳ። ብሩሹን ጥላ ተነሣች፤ ቀሚሷን አራገፈች፤ መልሳ ተቀመጠች፤ እንደገና ብድግ አለች።

«አባዬ፣ ሰው መጣ!» አለች በሹክሹክታ።

አለቃ ወልደኢየሱስ መደቡ ላይ እንደ ተቀመጡ መዳፋቸውን ዘረጉ። ደረቁን ብሩሽ ከመስኮቱ አንሥታ አስያዘቻቸው። ፊታቸውን በገመድ ላይ ወደ ተሰቀለው ወረቀት አዞረችላቸው።

«ትንሽ ወደ ቀኝ። እ፣ እንዲያ።»

ሰው በመጣ ቁጥር እንዲህ ማድረግ ከጀመሩ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል።

አለቃ ከወገራ እስከ ጭልጋ ስንቱን ቤተ ክርስቲያን በሥዕል ያስጌጡ ሰው ናቸው። ዓይናቸውን ሞራ ሲጋርደው ግን ለማንም ትንፍሽ አላሉም። ከልጅነቷ ጀምሮ ቀለም ስትፈጭላቸው የኖረችው ልጃቸው ጽጌሬዳ ብሩሹን ተረከበች። ቤተ ክርስቲያን ገብታ አትሥል ነገር፣ ሴት ናት። በዚያ ዘመን ደግሞ በገበያው ሰፈር በአራዳ ውስጥ ከጣሊያን የተረፈ ቤት የያዘ ሁሉ ግድግዳውን ጋዜጣ ይለጥፍ ነበር፤ ደህና ገንዘብ የያዘው ነጋዴ ግን ጋዜጣው ሰለቸውና ጌጥ አማረው። እሷም የሲሚንቶ ከረጢት ትሰበስባለች፤ የውስጥ የውስጡን ንጹሑን ወረቀት ትለያለች፤ በዱቄት ሙጫ ትቀጣጥልና ኖራ ትቀባዋለች፤ ሲደርቅ በላዩ ሐረግና አበባ ትሥላለች። ቀሐ ወንዝ ዳር ባለችው በዚች ጠባብ ቤት የሚሠራውን ወረቀት ከተማው «የአለቃ ወረቀት» ይለዋል። የልጅቱ እጅ መሆኑ ቢሰማ ማን ያዛል? ዓይኑ ለጠፋ ሠዓሊስ ማን ሥራ ይሰጣል? የሁለቱም እንጀራ በዚች ውሸት ላይ ነበር የተንጠለጠለው።

የመጣችው የነጋዴው የአያ ቢያዝን ሚስት ወይዘሮ ታየች ናት። ልጇ ማሩ በመጪው እሑድ ይሞሸራል። ወረቀቱ የሚለጠፈው ለሙሽሮቹ ክፍል ነው።

«እንደምን አደሩ አለቃ? ነገ ይደርሳል ብለውኝ ነበር፤ ልቤ አላስቀምጥ ቢለኝ መጣሁ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ይግቡ፣ ይግቡ፤ ሥራ ላይ ነን» አሉ አለቃ፣ ደረቁን ብሩሽ ከፍ አድርገው።

ወይዘሮ ታየች በተሰቀሉት ወረቀቶች መካከል ገባች። «ውይ ሸጋ! ቅጠሉ ሸጋ፤ ይኸ ሰማያዊውማ...» እያለች ቆየችና ዝም አለች። ደጅ የጥር ነፋስ ነበር፤ ወረቀቶቹ ተንሿሹ።

«ምነው?» አሉ አለቃ።

«ይህች ወፍ ዓይኗ አንድ ነው።»

«ወደ ጎን ስለምታይ ነው፣ እትዬ» አለች ጽጌሬዳ።

«ይህችስ?»

«እሷም ወደ ጎን ነው።»

«ይህችስ?»

«ሁሉም ወደ ጎን ነው የሚያዩት። አያ ቢያዝን ከጣሊያኑ ግድግዳ ቀድደው የሰጡን ናሙና እንዲያ ነው።»

«ጣሊያን ምን ያውቃል! ጻድቅ በሁለት ዓይን፣ ርኩስ በአንድ ዓይን እንደሚሣል የቆሎ ተማሪ እንኳ ያውቀዋል። አርባ ስምንት ይሁዳ አፍጥጦበት ነው ልጄ ሚስት የሚያገባው?» ወደ አለቃ ዞረች። «በእኛ ደብር ዲያብሎሱን የሣሉት እርስዎ ነዎት። ያቺን አንድ ዓይኑን እየፈራሁ ነው ያደግሁት። እርስዎ ይህን ይስታሉ? ይህ የእርስዎ እጅ አይደለም። ማን ነው የሣለው?»

ጽጌሬዳ ወደ አባቷ ተመለከተች። ስለ ወፎቹ ዓይን አለቃ ገና አሁን መስማታቸው ነበር። ብሩሹን የያዙበት እጃቸው ሲጠብቅ አየች።

«እኔ ነኝ» አሉ። «እርጅና ነው ወይዘሮ ታየች። ሳትሁ።»

አርባ ዓመት ሙሉ አንዲት ዓይን ስተው የማያውቁ ሰው፣ ሳትሁ አሉ። ለጽጌሬዳ ጥፊ ይሻላት ነበር።

ወይዘሮ ታየች ያመነችም ያላመነችም አትመስልም። «እንግዲያ ያርሙታ። ለጣፊዎቹ ነገ በማለዳ ይመጣሉ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተመልሼ አያለሁ። ሁለት ሁለት ዓይን ካላገኘሁ ጋዜጣ አስለጥፋለሁ፤ ሙሽራይቱ ጫጉላዋን የከብት ዋጋ ስታነብ ትክረም!» ብላ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች።

እርምጃዋ ሲርቅ አለቃ ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«ምነው ልጄ? ምነው ሳትነግሪኝ?»

«ወፍ ነው ብዬ አባዬ። ሥዕል አልመሰለኝም።»

«ዓይን ያለው ሁሉ ሥዕል ነው።»

«ዓይን መቼ ሠርቼ አውቃለሁ? ቀለሙን እኔ፣ ልብሱን እኔ፤ ፊት ላይ ሲደርስ ትወስድብኝ ነበር። እኔ ነጥብ ብቻ ነው ያስቀመጥሁት።»

አለቃ ይህን ሲሰሙ ፂማቸውን አሹ። «አምጪው፤ ልሞክር።»

ወፍ ያለበት ቁራጭ ወረቀት ዘረጋችላቸው፤ እጃቸውን ወፏ ራስ ላይ አደረሰችላቸው። ትንፋሻቸውን ያዙ፤ ብሩሹ አረፈ።

«የት ላይ ነው?»

ጽጌሬዳ ጎንበስ ብላ አየች። «ምንቃሯ ላይ» አለች።

ብሩሹን መለሱላት። «እንግዲያ ከአንቺ በቀር ሰው የለም።»

እሷ ግን እንዴት እንደምትጀምር ጠፋት። ወጣች፣ ገባች፤ ቀኑ ስንት እንደ ቀረው ለማወቅ ጥላው የት እንደ ደረሰ አየች። የጎረቤቷን የእንኳየሁን ዶሮ አባርራ ያዘችና ይዛት ገባች፤ ፊት ለፊት አዙራ ትኩር ብላ አየቻት።

«ምን ትመስላለች?» አሉ አለቃ።

«የተቆጣ ዳኛ።»

አለቃ ከጠዋት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። «ልቀቂያት። ዶሮም እንደ ጣሊያኑ ናት፤ በአንድ ጎን ነው የምታይ። ነይ ወዲህ።»

ፊቷን በሁለት እጃቸው ያዙ። አውራ ጣታቸውን ከአንዱ ዓይኗ ወደ ሌላው አስኬዱ። «ከዚህ እስከዚህ፣ መካከሉ ላይ አንድ ዓይን የሚያህል ቦታ ተዪ። የወፏን አንገት ወደ አንቺ መልሺው። ቅንድቡን በአንድ ትንፋሽ ሳቢው፤ አትቁረጪው። ብሌኑ መጨረሻ ነው። ብሌኑን ስታስቀምጪ አትፍሪ፤ ከፈራሽ እሷም ትፈራለች።»

የወፎቹን ራስ ሁሉ በኖራ ሸፈነች። የመጀመሪያዋ ሸውራራ ወጣች፤ ደመሰሰቻት። ሁለተኛዋ ጉጉት ሆነች። በሦስተኛዋ ላይ ትንፋሿን ያዘች፤ ቅንድቡን ሳበች፤ ሁለቱን ብሌኖች አስቀመጠች። ወፏ አየቻት። ጽጌሬዳ ደንግጣ ወደ ኋላ አለች።

«ወጣች?» አሉ አለቃ ከመደቡ።

«ወጣች መሰለኝ። አባዬ፣ እያየችኝ ነው።»

«እንግዲያ አትቁሚ።»

አልቆመችም። ምሳ አልቀመሰችም። አንዱን ወረቀት አውርዳ ሌላውን ትሰቅላለች፤ ነፋሱ ያላትማቸዋል፤ ቀለሙ ሳይደርቅ ይነካካል ብላ ትሮጣለች። ጥላው መድረኩን አልፎ ግድግዳው ሥር ሲደርስ እጇ ዝሏል፤ ሆኖም ወፍ በጨመረች ቁጥር ብሌኑ የሚያርፍበትን ቦታ እጇ ራሱ ያገኘው ጀመር። አለቃ በየመካከሉ «ስንት?» ይላሉ። «ሃያ ሁለት።» «ስንት?» «ሠላሳ አምስት።» ምክር መስጠቱን ትተው ነበር። ጆሮአቸው ብሩሿ ላይ ነው።

«ስንት?»

«አርባ ሰባት» ስትል በሩ ተንኳኳ።

አለቃ እንደ ልማዳቸው መዳፋቸውን ዘረጉ።

ጽጌሬዳ ደረቁን ብሩሽ ከመስኮቱ አነሣች። ቀለም ለአርባ ዓመት የጠጣውን መዳፍ አየችው። ጠዋት «ሳትሁ» ያሉበት ድምፅ ጆሮዋ ውስጥ ነበር። ደግሞ ከደጅ ያለችው ሴት አንድ ቃል ብትናገር ነገ በዚህ ቤት ምን እንደሚበላ አሰበች። በሩ እንደገና ተመታ።

ብሩሹን ወደ ቦታው መለሰችውና ምርኩዛቸውን አስያዘቻቸው።

አለቃ ዳሰሱት። ምን እንደሆነ ዐወቁ። ጨበጥ አድርገው ጉልበታቸው መካከል አቆሙት፤ እሷም ፊታቸውን ወደ ወረቀቱ አላዞረችላቸውም።

ጥቁር ቀለም የሚያንጠባጥበውን የራሷን ብሩሽ እንደያዘች በሩን ከፈተች።

«ይግቡ፣ እትዬ ታየች» አለች። «ጠዋት ማን ነው የሣለው ብለው ነበር። እኔ ነኝ። አንዲት ወፍ ቀርታኛለች፤ ቁጭ ብለው ይዩኝ።»