የሙሴ ሊዮን አካሄድ

«እኮ በምኑ ነው የምናለቅሰው?» አሉ የየሺዓለም ጎረቤት ወይዘሮ ሰርክአዲስ፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለቅሶ ድንኳኑ ውስጥ እንደተቀመጡ። «ለወታደሩ ጋሻው ይወጣል፣ ለነጋዴው በቅሎው ትወጣለች። የዚህ ሰውዬ ፎቶግራፉ እንኳ የለም!»

የየሺዓለምን ባል ሙሴ ሊዮንን ከኤደን ወደብ የመጡ አይሁዳውያን ነጋዴዎች በሃይማኖታቸው ሥርዓት በሞተበት ዕለት ስለቀበሩት የአራዳ ሰው አልተሰናበተውም። ዘመድ የለው፣ አገሩ ኦዴሳ ከባሕር ማዶ። የመጣው ሁሉ የሚያለቅሰው ለእሷ ብሎ እንጂ ለእሱ አለመሆኑ አንገበገባት።

የሲኒማ ካሜራውን ታቅፎ ከጅቡቲ በባቡር ከመጣ ወዲህ ያላነሳው ሰው አልነበረም፤ ከራሱ በቀር። መኳንንቱ ሰልፋቸውን እንዲያነሳ ሲቀጥሩት ዘወር ብሎ እንስራ ተሸክመው የቆሙትን ሴቶች ያነሳል። ከሥራ የተባረረውም በዚሁ ነው። ያን ቀን እየሳቀ ነበር ቤት የገባው። «ሰልፉን ሌላው ያነሳዋል» አላት።

ረዳቱ መርሻ ከጥግ ተነሣ። «እትዬ፣ አንዲት ፊልም አለች። የካሜራውን እጀታ ማዞር ሲያስተምረኝ ፊቴ ቆሞልኝ ነበር።»

አመሻሹ ላይ ድንኳኑ ውስጥ አቡጀዲ ወጠሩ። መርሻ የማሳያውን እጀታ እያዞረ መጀመሪያ ሙሴ ሊዮን ገበያ ውስጥ ያነሳውን ፊልም አሳየ። ሲኒማን የሰይጣን ሥራ ሲሉ የኖሩት ወይዘሮ ሰርክአዲስ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ።

«እህቴ! ኧረ እህቴ ናት! ይኸው ቅቤዋን ስትሸጥ!» እህታቸው ከሞተች ቆይታለች። «አንተ ሙሴ ሊዮን፣ ለካ አስቀምጠህልኝ ኖሯል! ወንድሜን! ወንድሜን!»

ድንኳኑ ለቅሶውን ተቀበላቸው። የሺዓለም አንጀቷ ራሰ።

ቀጥሎ ራሱ ሙሴ ሊዮን አቡጀዲው ላይ ብቅ አለ። ያ ሲራመድ መንገዱን የሚለካ የሚመስለው ወፍራም ሰውዬ እንደ ዶሮ ቱር ቱር እያለ መጣ። ለቀስተኛው ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። የሺዓለምም እንባዋን እየጠረገች ሳቀች።

«ያኔ እጄ ገና ስላልፈታ ቀስ ብዬ አዙሬ ነው ያነሳሁት» አለ መርሻ እያፈረ። «ለዚህ ነው አሁን በልኩ ሳዞረው የሚሮጠው።»

«እስቲ ድገመው። አሁንም ቀስ አድርገህ አዙረው» አለችው የሺዓለም።

«እትዬ፣ ፊልሙ ከዘገየ የማሳያው መብራት ያቃጥለዋል። ያለችን ደግሞ እሷው ናት።»

የሺዓለም ሳቋ ጠፋ። «ይቃጠል። እየሮጠ አይሂድብኝ።»

መርሻ እጀታውን በዝግታ አዞረ። ሙሴ ሊዮን እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ ከሥራ ሲገባ እንደሚመጣው፣ በገዛ እርምጃው እያዘገመ መጣ። የሺዓለም ምንጣፉ ላይ ጠጋ ብላ ከጎኗ ቦታ ለቀቀችለት።