አርባ አንደኛዋ ስኒ

«አልቅሺ እንጂ! በሆድሽ አምቀሽ የት ልትደርሺ ነው?» አለች ራዲዮ፣ ወንበሯን ወደ ሐዘንተኛዋ እየጎተተች።

ራዲዮ ጎረቤት ናት። ስሙን ያወጣላት ሰፈሩ ነው፤ አፏ ከጠዋት እስከ ማታ አይዘጋማ። እሷም ታውቀዋለች፣ ተቀይማም አታውቅም። ሐዘንተኛዋ ልብስ ሰፊ ግን አላለቀሰችም። ባሏ ከሞተ አምስተኛ ቀኑ ነው። ጠዋት አልቅሳለች፣ ከሰዓት አልቅሳለች፣ አዲስ ሰው በበሩ ብቅ ባለ ቁጥር ድምፅ አውጥታ አልቅሳለች። አሁን ግን የግድግዳው ሰዓት ለአሥራ ሁለት አምስት ጉዳይ ይላል። በዚህ ሰዓት ማልቀስ ከተወች ስምንት ዓመቷ ነው። በዚህ ቤት ክልክል ነበር።

«እንባ መድኃኒቱን ጠርጎ ይወስደዋል» ይላት ነበር ባሏ። «ማልቀስ ካማረሽ እስከ አሥራ ሁለት ጨርሺ። ካልሆነም ትንሽ ቆይተሽ ቀጥዪ።»

«ደግሞ ለለቅሶም ፕሮግራም ወጣለት?» ትለው ነበር እሷ።

ልጇ የሻይ ብርጭቆ ሰብስባ ስታልፍ ጎንበስ አለችና በጆሮዋ፣ «እማዬ፣ ጠብታሽን አደረግሽ?» አለቻት። ልጅቷ በሌላ ከተማ መምህርት ናት፤ ለአባቷ ቀብር መጥታ እስከ እሁድ ፈቃድ ወስዳለች።

«አድርጌያለሁ።»

«መቼ?»

«ቅድም፣ ጓዳ ገብቼ። ምነው፣ ፖሊስ ሆንሽ?»

ውሸቷን ነው። አራት ማታ ሙሉ አንዲት ጠብታ ዓይኗ ውስጥ አልገባችም፤ የዛሬው ሲጨመር አምስት ሊሆን ነው። የዓይን ሐኪሙ ያላትን ሳትሰማ ቀርታ አይደለም። የዓይኗ ግፊት በየቀኑ በመድኃኒት ካልተያዘ ብርሃኗ ከዳር ከዳር እየተሸረፈ ይሄዳል፤ የሄደውን ደግሞ ማንም አይመልሰውም። ዓይን ለልብስ ሰፊ ምን እንደሆነ ለእሷ መንገር አያስፈልግም። ግን በእነዚያ ዓይኖች ላይ ከባሏ እጅ በቀር መድኃኒት የጨመረ እጅ የለም። ሌላ እጅ፣ የልጇም ይሁን የራሷ፣ ያን ብልቃጥ ያነሣ ቀን እሱ እውነትም ሞተ ማለት ነው። ይህ ደግሞ ለማን ይነገራል? ለራዲዮ?

ሰዓቱ አሥራ ሁለት ሞላ፤ ከዚያም አለፈ። ልብስ ሰፊዋ እጆቿን ጭኗ ላይ እንዳጣጠፈች ቀረች።

ባሏ የዓይን መድኃኒት ፋብሪካ ውስጥ ቀማሚ ነበር። ባልደረቦቹ «አባ ጠብታ» ይሉታል። ሌላው ሰው ትልቅ ትልቅ ነገር ሲያልም፣ እሱ ጠብታ ለማሳነስ ሠላሳ ዓመት የለፋ ሰው ነው። «ከብልቃጥ የምትወርደው ጠብታ ዓይን ከሚይዘው በላይ ናት፤ ግማሹ መድኃኒት ጉንጭ ሲያክም ይውላል» ይላል፣ ተጠየቀም አልተጠየቀም። ከዚህ ሌላ ወሬ አያውቅም። ቃል ከአፉ የሚወጣው በስንት ልመና ነው። ልጁን «ጎበዝ» ያላት ሁለት ጊዜ ነው፤ ሚስቱን «እወድሻለሁ» ሲል የሰማ የለም፣ እሷም ብትሆን።

ነገሩ የተለወጠው ዓይኗ የታመመ ጊዜ ነው። መጀመሪያ ራሷ ልታደርግ ሞክራ፣ ጠብታው ገና ሲመጣ እየደነገጠች ትጨፍንበት ነበር። ሁለት ቀን ዝም ብሎ አያትና በሦስተኛው «ተይ፣ እኔ ላድርግልሽ» አለ። እጁን እንደ ቀዶ ሐኪም እስከ ክርኑ ታጠበ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሥራ እንደገባ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ መስኮቱ ሥር ያለው ወንበር ላይ ትቀመጥለታለች።

«ጣሪያው ላይ ምን ይታይሻል?» ይላታል።

ጣሪያው ላይ የድሮ ዝናብ የተወው እድፍ አለ። የሚጠይቃት ወደ ላይ እንድታይለት ነው፤ እሷ ግን በየቀኑ የተለየ ነገር ታይበታለች።

«ዛሬ እንኳ አህያ ይመስላል።»

«ትናንት በሬ ነበር።»

«ከስቶ ነዋ!»

በዚህ መሀል የታችኛውን የዓይኗን ቆብ በጣቱ ሳብ ያደርግና፣ ጠብ! ሁለቱም ዓይን ሲያልቅ እሷ ትጨፍናለች፤ እሱ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ የአፍንጫዋን ግራና ቀኝ፣ ልክ የዓይኖቿ ጥግ ላይ፣ ጫን አድርጎ ይይዛል። መድኃኒቱ ወደ አፍንጫና ወደ ጉሮሮ ወርዶ በከንቱ እንዳይቀር ነው። ሁለት ደቂቃ እንዲያ ይቆያሉ።

በእነዚያ ሁለት ደቂቃዎች ያ ዝምተኛ ሰውዬ ያወራል። ዓይኗ ስለተጨፈነ ይሆናል፣ እንጃ። የትኛው ቅምም እንደደፈረሰበት፣ የትኛው የብልቃጥ አፍ ሁለት ሁለት ጠብታ እየተፋ እንዳበሳጨው ይነግራታል። አንድ ማታ ደግሞ ሳይታሰብ፣ «ያኔ ሱቅሽ የተመላለስኩት የኮቴ ቁልፍ እየተበጠሰ አልነበረም። ራሴ ነበርኩ የምበጥሰው» አላት። ተጋብተው፣ ልጅ ወልደው፣ ልጅ ድረው፣ ያን ዕለት ነው የነገራት። ዓይኗን እንዳትከፍት ጣቶቹ ይዘዋታል።

ከዚያ ስኒዋ መጣች።

የዛሬ አምስት ዓመት ነው፤ ከኪሱ የቡና ስኒ የምታክል ነጭ ፕላስቲክ አወጣ፣ ቂጧ የተበሳ። የብልቃጡ አንገት በቀዳዳው ይገባል፤ የስኒዋ አፍ ዓይን ዙሪያ ያለው አጥንት ላይ ይደፋል፤ እጁ የሚንቀጠቀጥ ሽማግሌ እንኳ ቢጫነው ጠብታዋ መሀል ዓይን ላይ ታርፋለች። ለሙከራ ብሎ ብልቃጡ ውስጥ ንጹሕ የጨው ውኃ ሞልቷል።

«በይ እንግዲህ፣ ከአሁን ወዲያ ማንንም ሳትለምኚ ራስሽ ታደርጊያለሽ» አላት ደስ ብሎት።

ማንንም ሳትለምኚ! እነዚያ ሁለት ደቂቃዎችስ? ስኒዋን ዓይኗ ላይ ደፋችና ብልቃጡን ተጫነች። ጠብታዋ ቀዝቀዝ ብላ ልክ መሀል ገባች።

«ገባ?»

«አልገባም።»

«የት ሄደ ታዲያ?»

«እኔ ምን አውቄ! ጉንጬ ላይ ፈሰሰ መሰለኝ።»

ትንሽ አያት። ከዚያ ስኒዋን ኪሱ ከተተ፣ እጁን ታጥቦ መጣ፣ «ጣሪያው ላይ ምን ይታይሻል?» አላት።

ከዚያ ወዲህ በየጊዜው ስኒ ይዞ ይመጣል፤ ጠርዟ ላይ በብዕር ቁጥር ተጽፎባታል። ሁለተኛዋ፣ ሰባተኛዋ፣ ሃያ ሦስተኛዋ። «ገባ?» «አልገባም።» ቅዳሜ ቅዳሜም ሥራ መግባት ጀመረ። «ቅዳሜ ደግሞ ምን አለ?» ስትለው፣ «ያቺው ስኒ ናታ» ይላል። እውነቱን ልትነግረው ስንት ጊዜ አፏ ላይ ደርሶ ተመልሷል! አሥራ ሁለት ሰዓት ሲቃረብና የእጁ መታጠቢያ ውኃ ሲንሿሿ ስትሰማ ግን፣ ነገ እነግረዋለሁ ትላለች። አርባ አንደኛዋን ያመጣው ባለፈው ወር ነው። ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ እንደወጣ ቀረ። «ሥራ ቦታ እንደተቀመጠ ልቡ ቆመ» ነው ያሏት።

እንግዲህ በሆዷ አምቃ የያዘችው ይህን ነው። ቅዳሜውን የበላችበት፣ ዕረፍት የነሣችው፣ ምናልባትም ልቡን ያቆመችው ያቺ «አልገባም» ናት። ባሏን በአንድ ቃል የገደለች ሴት መድኃኒቱን በምን ፊቷ ትጨምረው?

በማግስቱ አመሻሽ ላይ ከፋብሪካው አንዲት ሴት ካርቶን አቅፋ መጣች። የሟች ረዳት ነበረች፤ ላብራቶሪው ውስጥ ስድስት ዓመት አብራው ሠርታለች። ዓይኗ በለቅሶ አብጧል።

«እትዬ፣ እግዜር ያጽናዎት። ዕቃቸውን ይዤ መጣሁ።»

ነጭ ጋዋኑ አለ፤ ሦስተኛው ቁልፍ የተሰፋው በልብስ ሰፊዋ እጅ ነው። ነጠላ ጫማው አለ፣ መነጽሩ አለ። ከታች ስኒዋ ተቀምጣለች፤ ጠርዟ ላይ «41» ይላል። ልብስ ሰፊዋ አነሣቻት። ረዳቷን በክንዷ ይዛ ወደ መስኮቱ ወሰደቻት። ራዲዮ ከወንበሯ አልተነሣችም፣ ጆሮዋን ብቻ አስከተለች።

«ልጄ፣ ለማንም ያልነገርኩትን ልንገርሽ። ይቺ ስኒ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ትሠራለች። ጠብታው ሁልጊዜ ይገባ ነበር። እኔ ነኝ አልገባም እያልኩ ያን ሰው ያስለፋሁት። አርባ አንድ ስኒ አሠራሁት! እኔ ነኝ የገደልኩት።»

ረዳቷ አፏን በመዳፏ ያዘች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፤ እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች አይለይም።

«እትዬ፣ ስኒዋ እኮ ካለቀች አራት ዓመቷ ነው!»

«ምን አልሽ?»

«ተፈትሻ አልፋ ስንት ሆስፒታል ገብታለች። እናቴም በእሷ ነው የምትጠቀመው። እርስዎን ከመጀመሪያውም አልቆጠርንዎትም። ‹የሚስቴን ውጤት አትጻፉ፣ ትዋሻለች› ብለውን ነበር። ‹ዓይኗ ረጥቦ፣ ጉንጯ ደርቆ፣ ጉንጬ ላይ ፈሰሰ ትለኛለች› እያሉ እንዴት ይስቁ እንደነበር!»

«አርባ አንዱ ስኒስ?»

«የምን አርባ አንድ? ያቺው አንዷ ስኒ ናት። ቁጥሩን ይፍቁና ሌላ ቁጥር ይጽፉባታል። ብዕሩን የማቀብላቸው እኔ ነኝ።»

ልብስ ሰፊዋ ጠርዙን ዳሰሰች። ቁጥሩ ያለበት ቦታ ሻክሯል፣ ሳስቷልም። ደጋግሞ ተተርትሮ የተሰፋ ጨርቅ እንዲህ ነው፤ በጨለማም ብትነካው ትለየዋለች። አምስት ዓመት በእጇ ስትይዘው ይህን አለማወቋ ገረማት። ለነገሩ የሚዋሽ ሰው መች ጠርዝ ይዳስሳል!

«ቅዳሜስ? ቅዳሜ ቅዳሜ ምን ሲሠራ ነበር?»

ረዳቷ አቀረቀረች። «ዘበኛው እንዳልነግርዎት ለምኖኝ ነበር። ከእሱ ጋር ዳማ ነው የሚጫወቱት። ሁልጊዜ ይሸነፋሉ። ያን ዕለት ግን እያሸነፉ ነበር አለ። እየሳቁበት ነው…»

«ካወቀ ታዲያ ምነው ዝም አለኝ?»

«እኔም ጠይቄያቸው ነበር፤ ለምን አይነግሯቸውም ብዬ።»

«ምን አለሽ?»

«‹ከማታ ሥራዬ ልታስወጪኝ ነው?› አሉኝ።»

ልብስ ሰፊዋ ሳቅ አመለጣት። ከሆዷ የወጣ ትልቅ ሳቅ ነው። አንድ ሽማግሌ ብርጭቆውን ከንፈሩ ጋ እንዳደረሰ ቀረ።

«ኧረ ራሷን ልትስት ነው፣ ውኃ አምጡ!» አለች ራዲዮ።

«ያ ቁልፍ በጣሽ!» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ ሳቋ እያቋረጣት። «እኔ ያታለልኩት መስሎኝ! ያ ቁልፍ በጣሽ!»

ከዚያ ሳቁ ድንገት ተቆረጠ። ናፈቃት። አምስት ቀን ሙሉ አልቅሳለታለች፣ ራሷን ረግማለታለች፣ እንዲህ ግን አልናፈቃትም ነበር። ይህን ጉድ ሮጣ የምትነግረው ለእሱ ነበር። ሁለቱም እያወቁ፣ ሁለቱም እየደበቁ፣ አንድ ማታ እንኳ አብረው ሳይስቁበት ቀሩ።

ልጇ ከወጥ ቤት ብቅ አለች፤ በእጇ ከፍሪጅ ያወጣችው ብልቃጥ አለ።

«እማዬ፣ የበፊቱ ዓርብ አለቀ ብለሽኝ ነበር። ይሄኛው ማሸጊያው እንኳ አልተነካም። አባዬ የሚከፍትበትን ቀን ሳይጽፍበት ብልቃጥ ከፍቶ አያውቅም። ዋሽተሽኛል።»

«ዋሽቻለሁ» አለች እናት። «ለምዶብኝ ነው።»

«ነይ ተቀመጪ፣ እኔ ላድርግልሽ።»

«ተይው፣ የኔ ልጅ። ብዕር ስጪኝ።»

የግድግዳው ሰዓት አሥራ ሁለት ሊሞላ አንድ ደቂቃ ቀርቶታል። ልብስ ሰፊዋ ብልቃጡ ላይ የዕለቱን ቀን ጻፈች። እጇን እስከ ክርኗ ታጠበች። መስኮቱ ሥር ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠችና ወደ ጣሪያው ቀና አለች። እድፉ ዛሬ በሬም አህያም አይመስልም፤ እድፍ ብቻ ነው። ማሸጊያውን ሰበረች፣ የብልቃጡን አንገት በስኒዋ ቀዳዳ አስገባች፣ ቀኝ ዓይኗ ላይ ደፍታ ተጫነች። ከዚያም ግራውን።

«ገብቷል» አለች ቀስ ብላ።

ዓይኗን ጨፈነች፤ በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ የአፍንጫዋን ግራና ቀኝ ያዘች። ራዲዮ ይህን ስታይ እንባዋን የምታፍን መሰላት።

«ተይ፣ የኔ እናት፣ አትያዢው! አልቅሺ እንጂ!»

«አለቅሳለሁ» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ ዓይኗን ሳትከፍት። «ሁለት ደቂቃ ብቻ ታገሺኝ።»

ራዲዮ ዝም አለች። ልጅቷ ወደ ግድግዳው ሰዓት ዞረች፤ ሌላውም ሰው ተከትሏት ዞረ። ልብስ ሰፊዋ ማንም የማያወራበትን ሁለት ደቂቃ፣ ጣቶቿን ከዓይኖቿ ጥግ ሳታነሣ ጠበቀች።